ከኮንዶሚኒየም ወደ ግቢ፦ ፈሪ ድመትን ከደጅ ጋር ማላመድ

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያደገች ድመት ግቢ ወዳለው ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ ደስ የሚላት ይመስለዋል። ሣር አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ወፍ አለ። እሷ ግን አልጋ ሥር ትገባና ቤቱ ጸጥ ሲል ብቻ ለምግብ ብቅ ትላለች። ይሄኔ ከቤተሰቡ አንዱ «ትልመደው እንጂ!» ብሎ ያነሣትና ሣሩ መሃል ያስቀምጣታል። የሚከተለው የታወቀ ነው፦ እጁን ቦጫጭራ፣ አጥሩን ዘላ፣ የጎረቤት ኮርኒስ ውስጥ ትገባለች።

ፍርሃቷ ምክንያት አለው። የድመት ግልገል አዲስ ነገርን በቀላሉ የምትቀበልበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ በግምት ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ። በእነዚያ ሳምንታት የመኪና ጥሩምባ፣ ዝናብ፣ ውሻና የማታውቀው ሰው ካላጋጠማት፣ ካደገች በኋላ እያንዳንዱን ከባዶ ነው የምትማረው። ጆሮዋም ከእኛ ጆሮ በጣም ይለያል። ሰው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ድመት ከ60 ኪሎኸርዝ በላይ ትሰማለች። ለእኛ ጸጥ ያለ የሚመስለው ግቢ ለእሷ ጫጫታ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከመመለስ እንጀምራለን። ደጁን ድመቷ በራሷ ጊዜ ታጠናዋለች፤ እኛ የምናስተምራት የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ወዴት እንደምትሮጥ ነው። ወደ ቤት መሮጥ የለመደች ፈሪ ድመት፣ ደፋር ሆና መመለሻውን ከማታውቅ ድመት ይልቅ ብዙ ዕድሜ አላት።

መጀመሪያ፦ መውጣት አለባት ወይ?

ሁሉም ድመት ደጅ መውጣት የለበትም። መስኮት ላይ ተቀምጣ ወፍ የምትከታተል፣ በር ሲከፈት አንገቷን የምታሰግግ፣ በበሩ ሥር የሚገባውን አየር የምታሸት ድመት ፍላጎት አላት። በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ የምትሸሽ፣ መስኮቱንም የማትጠጋ ከሆነች ግን ከመስኮት አጠገብ ከፍ ያለ መቀመጫና በቀን ሁለት ጊዜ ጨዋታ ይበቃታል። እሷን ማስገደድ ለእኛ ደስታ እንጂ ለእሷ አይደለም።

ዕድሜዋ ከ6 ወር በታች የሆነ፣ መስማት ወይም ማየት የተሳናት፣ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባት ድመት ብቻዋን መለቀቅ የለባትም። ቤታችሁ አስፋልት ዳር ከሆነ ወይም የግቢው በር ቀኑን ሙሉ ለመኪና የሚከፈት ከሆነም እንዲሁ። እንዲህ ላለው ቤት በማሰሪያ መውጣት ወይም ወደ ታች የምገልጸው የሽቦ ቤት አለ።

አዲስ ቤት ከገባችሁ ቢያንስ 3 ሳምንት በር አትክፈቱላት። ውሻ ሰውን፣ ድመት ቤትን ይወዳል የሚባለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ድመት የድሮ ሰፈሯን ፍለጋ ብዙ መንገድ ትሄዳለች፤ አዲሱ ቤት የእሷ መሆኑን ከማመኗ በፊት ከወጣች ወደ ቀድሞው ለመመለስ ነው የምትነሣው።

ጊዜውንም ምረጡ። ክረምት ጥሩ ጊዜ አይደለም፦ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብና በረዶ ብቻውን ያስደነብራታል፣ ግቢው ውስጥ የተወችውን ሽታም ውሃው ያጥበዋል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ይጮሃል፤ በዘመን መለወጫ፣ በደመራና በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ርችት ሊተኮስ ይችላል። ሰማዩ ጠርቶ በዓላቱ ካለፉ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው ሰፈሩ ሲረጋጋ፣ ከሁሉም ሰዓት የተሻለ ነው።

ከመውጣቷ በፊት ሐኪም ዘንድ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለድርድር አይቀርብም። በአገራችን በሽታው በስፋት ያለ ነው፣ ዋናው አስተላላፊም ውሻ ነው፤ የመንገድ ውሻ በሚዞርበት ከተማ ያልተከተበች ድመትን መልቀቅ በቤተሰብም ላይ መፍረድ ነው። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ መከላከያው በሰውነቷ ውስጥ እስኪጠነክር ከ3 ሳምንት እስከ አንድ ወር ጠብቁ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀን አድሱላት። ከእሱ ጋር ሦስቱን የተለመዱ የድመት ቫይረሶች የሚከላከለው ክትባት ይሰጣል።

ማምከን ሁለተኛው ነው። ሴት ድመት ገና በ4 እና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ 2 ወር ገደማ ብቻ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ደግሞ ሴት ፍለጋ ሰፈር ይቀይራል፣ ይጣላል፣ ይነከሳል። በንክሻ ከሚተላለፉት አንዱ የድመት ኤድስ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ለድመቷ ግን መድኃኒት የለውም። ያልመከነች ድመት ለቅቆ «ፈሪ ስለሆነች ሩቅ አትሄድም» ማለት ሞኝነት ነው። ፍርሃት በዚያ ወቅት አያግዳትም።

የሆድ ትል መድኃኒት በየ3 ወሩ፣ የቁንጫ መከላከያም ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ስጡ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት፣ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት፣ ድመትን ይገድላል። ለትኋን ወይም ለሰብል የሚረጨውን ፀረ ተባይ ድመት ላይ መርጨትም እንዲሁ። ድመት ራሷን ስለምትልስ ጸጉሯ ላይ ያረፈው ሁሉ ሆዷ ይገባል።

ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ፣ የሚያስገባ ክሊኒክ ካገኛችሁ አስገቡላት። ካልሆነ የአንገት ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ማሰሪያው ግን ሲጎተት በራሱ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። የውሻ ቀበቶ ወይም ክር ያሰራችሁላት ድመት የሽቦ ጫፍ ወይም ቅርንጫፍ ይዟት ታንቃ ትሞታለች። በማሰሪያውና በአንገቷ መካከል ሁለት ጣት ይግባ።

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ፣ ውጭ የምታድን ድመት ፅንስን ሊጎዳ የሚችለውን ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ ልታመጣ እንደምትችል እወቁ። የምትጸዳዳበትን ሳፋ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ተሕዋስ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና በየቀኑ ማጽዳት ትልቅ ጥቅም አለው። ለነገሩ ጥሬ ሥጋም ያው በሽታ የሚተላለፍበት መንገድ ነው፤ ድመቷን ከቤት አስወጥቶ ቁርጥ የሚበላ ቤተሰብ ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

ግቢውን መፈተሽ

አጥሩን በእግራችሁ ዙሩት፤ የሚቻል ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ። ጭንቅላቷ በገባበት ሁሉ ሰውነቷ ሊከተል ይችላል። የግቢው በር ሥር ያለው ክፍተት፣ የጎርፍ መውረጃው ቀዳዳ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የሮቶው ማቆሚያ፣ የማገዶና የቆርቆሮ ክምር የምታዩት እዚህ ነው። አጥር ላይ የተሰካ የጠርሙስ ስባሪና ምላጭ ሽቦ ድመትን ከመዝለል አያግዳትም፣ መዳፏን ግን ይቆርጣታል። ከአጥሩ አጠገብ ያለውን ዛፍ ቅርንጫፍና የተደገፈ ጣውላ ካነሣችሁ፣ መወጣጫ ቢያንስ አንድ ያንሳታል።

ተክሎቹን ለይታችሁ እወቁ። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። የጉሎ ፍሬ መርዛም ነው፤ አስተናግርም እንዲሁ። የአበባ መደብር የሚሸጠው ሊሊ ግን ከሁሉም ይከፋል፦ ቅጠሉን መቅመስ፣ ጸጉሯ ላይ የረገፈውን ብናኝ መላስ እንኳ የድመትን ኩላሊት ያቆማል። ሳሎን ውስጥም መግባት የለበትም።

የአይጥ መርዝ በብዙ ግቢ ውስጥ አለ፤ ሰርቪስ ቤት ጥግ፣ መጋዘን፣ አንዳንዴም የጎረቤት አጥር ሥር። አንዳንዱ ዓይነት ደምን የሚያቀጥን ነው፤ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ድመቷ ምን እንደበላች ማንም አያስታውስም። መርዝ የበላ አይጥ ይዛ መብላቷም ያሰጋል። እናንተ ጋር ካለ አስወግዱ፣ ጎረቤት ጋር ካለ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ሰዎቹ። ዘበኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ዶሮ የሚያረባውን ጎረቤት ሳታናግሩ ድመት አትልቀቁ። «ጋሼ፣ ይቺ ግራጫ ድመት የኛ ናት፤ በር ሲከፍቱ እግርዎ ሥር ልታልፍ ስለምትችል ይመልከቱልን» ማለት ምንም አያስከፍልም። ጫጩት ያላቸውን እማማ ቡና ጠርታችሁ ንገሯቸው፤ ጫጩት ከተበላ በኋላ የሚመጣው ወሬ መርዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሰፈር ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩባት ስሟን አሳውቋቸው። ስም ያላት ድመት ላይ ድንጋይ ለማንሣት ልጅም ያመነታል።

መኪና ካላችሁ ጠዋት ከማስነሣታችሁ በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ ምቱት። የሞቀ ሞተር ላይ የሚተኙት ድመቶች ጥቂት አይደሉም።

ጥሪውን ማስተማር

አሁን ዋናው ሥራ። ለመጥሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ምረጡ፦ ጣሳ ውስጥ የሚንኳኳ ደረቅ ምግብ፣ ፊሽካ ወይም «ውሮ፣ ውሮ!» የሚል ጥሪ። ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ ይጠቀም። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ሌላ ጊዜ የማታገኘው ምርጥ ምግብ ይከተል፦ ጨው፣ ቅመምና ሽንኩርት ያልነካው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ ሳንባ፣ ወይም ትንሽ ቱና። ወጥ አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቋንጣም በበርበሬው ምክንያት ይቅር።

መጀመሪያ አጠገቧ ሆናችሁ ድምፁን አሰሙና ወዲያው ስጧት። እንደገባት ስታዩ ከሌላ ክፍል ጥሩ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ መስኮት ላይ ወፍ እያየች ሳለ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል፤ ሁልጊዜ ከምግብ ሰዓቷ በፊት፣ ሆዷ ባዶ ሲሆን። ከአሥር ጥሪ በዘጠኙ ካልመጣች ወደ በሩ አትሂዱ።

በዚህ ድምፅ ጠርታችሁ መድኃኒት አታጠጧት፣ አታጥቧት፣ ቅርጫት ውስጥ አትክተቷት። አንድ ቀን ክትባት ለመውሰድ በዚያ ጥሪ ካታለላችኋት የሳምንታት ሥራ ሊበላሽ ይችላል። ለሐኪም ቀን ዝም ብላችሁ አንሷት።

መያዣ ሣጥኗንም በዚሁ ጊዜ አላምዷት። ጆንያ ወይም ካርቶን ውስጥ ታሥራ የተጓዘች ድመት ሣጥን ስታይ ትሸሻለች። በሩን አውልቃችሁ ሳሎን ጥግ አኑሩት፣ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፉበት፣ ምግብ አልፎ አልፎ ጣል አድርጉበት። ገብታ መተኛት ስትጀምር ውጭ ይዛችሁላት የምትወጡት መደበቂያ ተዘጋጀ ማለት ነው።

ሃርነስ

ለፈሪ ድመት የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በማሰሪያ ቢሆኑ ይመረጣል። አንገት ላይ ብቻ የሚታሰር አይሆንም፤ ደረትና ሆድ የሚይዘው ሃርነስ የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። ለትንሽ ውሻ የተሠራው ብዙ ጊዜ ለድመት ትከሻ ይሰፋል። ድመት ወደ ኋላ ስትጎትት ከሰፊ ሃርነስ በቀላሉ ታመልጣለችና ቤት ውስጥ ሞክሩት፦ ገመዱን ከፊቷ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡና ክርኖቿ ይወጡ እንደሆነ እዩ። ከሥሩ ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም።

ለመጀመሪያ ቀናት የምግብ ሳህኗ አጠገብ ይቀመጥ፣ ታሽተው። ከዚያ ምግብ እየበላች ጀርባዋ ላይ ጣል ይደረግና ይነሣ። ከዚያ ይታሰር፣ ለአንድ ደቂቃ፣ እየበላች። ብዙ ድመቶች መጀመሪያ ሲታሰሩ ጎናቸው ላይ ዘፍ ይላሉ ወይም እንደ ድንጋይ ይደርቃሉ። አትሳቁባት፣ አትጎትቷትም፤ የምትወደውን ምግብ ከፊቷ አድርጉና አንድ እርምጃ ስትራመድ ፍቱላት። ቤት ውስጥ ጅራቷን ቀና አድርጋ፣ ታስራ መጫወት ስትችል ገመዱን ጨምሩበት፤ እናንተ እያያችሁ ትጎትተው። ገመዱን ከዛፍ ወይም ከብረት ጋር አስራችሁ ፈጽሞ አትተዋት። የታሰረች ድመት ከውሻ መሸሽ አትችልም።

በሩ

በሩን ክፈቱና ተቀመጡ። እናንተ ደጃፉ ላይ፣ እሷ ውስጥ። ምንም አታድርጉ። ሃርነሷን ታጥቃ፣ ከቤቱ ውስጥ ሆና ውጭውን ታይ፣ ታሽት፣ ትስማ። ተመልሳ ሶፋ ሥር ከገባች ተዋት፣ በሩን ዝጉ፣ ነገ ድገሙት። ይህ ደረጃ አንዳንዷን ሁለት ቀን፣ ሌላዋን አንድ ወር ይወስዳል። ቸኩሎ የሚዘልለው ሰው ሁልጊዜ እዚሁ ነው የሚመለሰው።

ከዚህ ቀደም ንጹሕ ጨርቅ ወስዳችሁ ጉንጮቿንና አገጯን አሹት፤ ድመት የራሷን ሽታ የምትተወው ከዚያ ነው። ጨርቁን በበሩ መቃን፣ በአበባ ማሰሮው፣ በደረጃው ጠርዝ ላይ፣ በእሷ ቁመት ልክ አሹበት። የተጠቀመችበትን አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ግቢው ዙሪያ ይበተን የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። እኔ አልመክረውም። የሰፈሩን ወንድ ድመት ሁሉ «አዲስ ሰው መጥቷል» ብሎ መጥራት ነው።

ድመቷን አቅፎ ማውጣት ጥሩ ነው የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ ምክንያታቸውም በሩን በራሷ መሻገር የለመደች ድመት በተከፈተ ቁጥር ትሮጣለች የሚል ነው። ለደፋር ድመት እውነት አላቸው። ለፈሪዋ ግን በራሷ እግር ብትሻገር ይሻላል፣ ምክንያቱም በራሷ እግር የመጣችበትን መንገድ ነው ስትደነግጥ የምታስታውሰው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውጭ

ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሣጥኗን አስቀምጡ፣ አፉ ወደ ግቢው፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው። የቤቱ በር ክፍት ይሁን፤ የግቢው በር ደግሞ የተቆለፈ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሩን ረስቶ እንዳይዘጋባት አስቀድማችሁ ንገሩ።

አምስት ደቂቃ ለመጀመሪያው ቀን ብዙ ነው። እናንተ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ቆሞ ከላይ የሚያያት ሰው ያስፈራታል። ስልክ አትነካኩ፣ አታናግሯት፣ ወዴት እንደምትሄድ እሷ ትወስን፤ ገመዱ እንዳይወጠር ብቻ ተከተሏት። ድመት ሜዳ መሃል አትሄድም፣ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ቁጥቋጦ ሥር ሥሩን ነው የምትዞረው። ግቢያችሁ ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ካርቶን፣ የአበባ ማሰሮ፣ የተገለበጠ ቅርጫት በየሦስት እርምጃው አኑሩላት፣ ከአንዱ መደበቂያ ወደ ሌላው እንድትሻገር።

ከዚያ ጥሯት። ገና ደስ እያላት ሳለ፣ ከመፍራቷ በፊት፤ ስትገባ የዕለቱን ትልቁን ምግቧን ስጧት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፤ ድመት ሰዓት ታውቃለች። ደቂቃውን ስትጨምሩም ትናንት ተረጋግታ ከነበረ ብቻ ጨምሩ።

መረጋጋቷን የምታውቁት ከአካሏ ነው። ጅራቷ ቀና ብሎ ጫፉ ትንሽ ከታጠፈ፣ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ከሆኑ፣ ሣር ካሸተተች፣ ከተቀመጠችና ራሷን ከላሰች ሁሉ ደህና ነው። ዓይኗን ቀስ ብላ ከከደነችላችሁ እናንተም ቀስ ብላችሁ ከድኑላት። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ከተኙ፣ ሆዷ መሬት ከነካ፣ የዓይኗ ብሌን በቀን ብርሃን ጥቁር ሆኖ ከሰፋ፣ ጅራቷ ከሥር ከተወሸቀ ወይም ከተነፋ፣ ወደ በሩ የምትመለስበትን መንገድ ነጻ አድርጉላትና ራቁ። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች ፍርሃቷ ከመጠን አልፏል፤ በሣጥኗ አስገቧት።

በፍርሃት ጊዜ እጃችሁን ወደ እሷ አትዘርጉ። ግድ ከሆነ ወፍራም ፎጣ ወይም ጋቢ ጣል አድርጉባትና ጠቅልላችሁ አንሡ። ደግሞም አንድ ድንጋጤ ካለፈ በኋላ ተረጋጋች ብላችሁ አትቀጥሉ። የመኪና ጥሩምባ ያስደነገጣት ድመት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቁራ ሲጮህ አጥር ልትዘል ትችላለች፤ ድንጋጤ በድንጋጤ ላይ ይደመራልና። ያን ቀን በቃ በሉ። በማግስቱ በሩን ክፈቱ እንጂ አታስወጧት።

ውሾች፣ ሌሎች ድመቶች፣ ጅብ

የራሳችሁ ውሻ ካለ ድመቷ ውጭ ባለችበት ሰዓት ይታሰር፣ ከእሷም በማይደርስበት። ውሻና ድመቱ ቤት ውስጥ ተላምደዋል ማለት ግቢ ውስጥ አያሳድዳትም ማለት አይደለም፤ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ውሻ ዘመድ አያውቅም።

የሰፈሩ ድመት አጥር ላይ ቆሞ ካፈጠጠባት በመካከላቸው ካርቶን ወይም ጃንጥላ አስገቡ፤ መፋጠጡ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ጠቡም ይቀራል። እጃችሁን ግን አታስገቡ። ተነክሳ ከተመለሰች ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፣ ቆዳው ይገጥማል፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ግን መግል ቋጥሮ ያብጣል። ሐኪም ትይ። ለሕመሙ ብላችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት፤ አንድ ፍሬ ድመትን ይገድላል። ውሻ ከነከሳት ብትከተብም እንኳ ያንኑ ቀን ወደ ክሊኒክ ውሰዷት። እሷ ወይም ሌላ እንስሳ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ጭልፊት ትልቅ ድመት አይወስድም፣ ግልገል ግን ያሰጋዋል። ጅብ ሌላ ጉዳይ ነው። እንጦጦ ሥርና በከተማው ዳርቻ፣ በወንዝ ሸለቆዎችም አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የምትጠልቀው፤ ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጥሪው ይሰማል፣ እራት ይቀርባል፣ በር ይዘጋል። ድመት ማታ ማታ ማደን ትወዳለች፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ግን ያንን በር ዘግታችሁ በላባና በገመድ አጫውቷት።

ማሰሪያው መቼ ይፈታ?

በማሰሪያ ለአንድ ወር ያህል ወጥታ፣ ግቢውን ሁሉ ዞራ፣ ስትደነግጥ በራሷ ወደ በሩ የሮጠች፣ ስትጠሩዋትም የመጣች እንደሆነ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አይሆንም። የመጀመሪያውን ቀን ከምግብ ሰዓቷ በፊት፣ እናንተም ግቢ ውስጥ ሆናችሁ ፍቱላት፤ ሃርነሱም አብሮ ይውለቅ፣ ቅርንጫፍ ይዟት እንዳትንጠለጠል።

አጥራችሁን መዝለል የምትችል ከሆነ ግን የሽቦ ቤቱ ከሁሉ ይሻላል የሚል ነው የኔ አቋም። በሌላው ዓለም ካቲዮ ይሉታል። አንድ በያጅ በቀጭን ቱቦላሬ ፍሬሙን ሠርቶ፣ ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ቢሸፍነው፣ ከሳሎን መስኮት ጋር ቢያገናኘው አለቀ። ውስጡ ከፍ ዝቅ ያሉ መደርደሪያዎች፣ ጥላ፣ ውሃና አንድ መደበቂያ ሣጥን ይግባ። ጣሪያው ይሸፈን። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም በረንዳውን በዚያው ሽቦ ብታዘጉት ድመቷ ፀሐይ ታገኛለች፣ ከፎቅም አትወድቅም። ቀጭኑ የፕላስቲክ መረብ አይሆንም፤ ነክሳ ትበጥሰዋለች።

ሌላው አማራጭ በአጥሩ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ ያዘመመ ሽቦ መግጠም ነው፤ ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ 45 ዲግሪ ገደማ። ወደ ላይ የወጣች ድመት ጭንቅላቷ በላይ ሲጋረድ ትመለሳለች። የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ከአጥሩ ጋር ከተያያዘ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ከጠፋች

የመከነች ፈሪ ድመት ስትጠፋ ብዙ ጊዜ ሩቅ አትሄድም፤ ትደበቃለች፣ ባለቤቷ ሲጠራትም ድምፅ ላታሰማ ትችላለች። በጠፉ ድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት ከተገኙት ውስጥ ሦስት አራተኛው ከጠፉበት በ500 ሜትር ውስጥ መገኘታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ሰፈር ለሰፈር ከመዞራችሁ በፊት የራሳችሁን ጣሪያና ኮርኒስ፣ ሮቶ ሥር፣ የመኪና ሞተር፣ የማገዶ ክምር ፈልጉ። ቀጥሎ በሁለቱም ወገን ያሉትን ጎረቤቶች መጋዘን ራሳቸው እንዲከፍቱላችሁ ለምኑ፤ «አላየናትም» ማለት አልፈለግናትም ማለት ነውና። በር ተዘግቶባት ሊሆን ይችላል።

ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ወይም ሊነጋጋ ሲል፣ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። ብርሃኑን ከዓይናችሁ ትይዩ አድርጋችሁ በየጥጉ ብታበሩት ዓይኖቿ ያብረቀርቃሉ። ጥሪውን አሰሙ፣ ቆም በሉ፣ አዳምጡ። አንድ ሰው ብቻ ይጥራት፤ ሕዝብ ከተሰበሰበ አትወጣም። ካያችኋት አትሩጡ፤ ቁጭ በሉ፣ ምግቡን መሬት ላይ አድርጉ፣ ሣጥኗን አፉን ከፍታችሁ አጠገቡ አኑሩና ጠብቁ። ቤቱ ውስጥ ሰው እያለ በሩ ገርበብ ብሎ፣ የተኛችበት ጨርቅ ደጃፉ ላይ ተነጥፎ ይደር።

ስትመለስ አትቆጧት፣ አታጥቧትም። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ምግብ፤ ከዚያ እግሮቿን፣ ጅራቷንና አፏን ተመልከቱ። ካነከሰች፣ ካስመለሳት፣ ድዷ ከነጣ ወይም ከአንድ ቀን በላይ ምግብ ካልነካች ወደ ሐኪም። ደህና ከሆነች ለሁለት ሳምንት ያህል ቤት ትቆይ፣ ጥሪውን እንደገና በሳሎን ውስጥ አለማምዷት፣ ከዚያም ሃርነሷን አጥልቃችሁ በሩን ክፈቱና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።